የአቶ ጀናሮ ካፓሶ ስድስት ጥንድ ጓንት

አቶ ጀናሮ ካፓሶ በሰው ፊት የተሰደቡት ኖቬምበር 20 ቀን 1987፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ እዚሁ የጓንት ከተማችን ግላቨርስቪል በነበረው የጓንት ቆራጮች ክበብ ውስጥ ነው። የሰደባቸው ሰው ኤሚል ሆሴክ ይባላል። የባለቤታቸው የወይዘሮ አይሪን ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከእሳቸው ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ጓንት የቆረጠ ሰው ነው። የተናገረውም ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ይሄ ሰውዬ ዳቦአችንን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ባሕር ማዶ ወስዶ ሰጠ። ከዛሬ ጀምሮ የሱን እጅ የጨበጠ የኔን አይጨብጥ!»

የሕይወት ታሪክ ከልደት መጀመር እንዳለበት ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ኦረስተ ካፓሶ ያውቃል። ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢያበቃም ይህን ያህል አይጠፋውም። የሟች ልጅ ወይዘሮ ማርጆሪ «አጎቴ፣ ስለ እናቴ ስትል ይሄን ከላይ አውጣው» ብላ ለምናዋለች። ቄሱም ግማሽ ገጽ ይበቃል ብለዋል። ወንድማቸው ግን ጀናሮ ከዚያ ዓርብ ወዲህ የኖሩት ዕድሜ ሁሉ ከዚያች አንዲት ንግግር የተወለደ ስለሆነ፣ ከየትኛው ልደት መጀመር እንዳለበት ግራ ገብቶት ከዚህኛው ጀምሯል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ያም ሆነ ይህ፣ ጀናሮ ካፓሶ ከአባታቸው ከአቶ ፓስኳለ ካፓሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሱንታ፣ ማርች 9 ቀን 1932 በዚህችው ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የጣሊያኖች ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ከናፖሊ መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የመጡ ጓንት ቆራጭ ነበሩ። እናታቸው ደግሞ እንደ ሰፈሩ ሴቶች ሁሉ፣ የተቆረጠውን ጓንት ወጥ ቤት መስኮት ሥር በተተከለች የእግር መኪና ይሰፉ ነበር። ጀናሮ ጡት የጠቡት በዚያች መኪና ድምፅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እናታቸው በአንድ ክንድ እሳቸውን ታቅፈው በሌላው እጃቸው የጓንት አውራ ጣት ይገጥሙ ነበርና።

የያኔው ወንዝ የዛሬው አልነበረም። የቆዳ ፋብሪካዎቹ ቀለማቸውን የሚደፉት እዚያ ስለነበረ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን አረንጓዴ፣ አንድ ቀን የቸኮሌት መልክ ይዞ ይወርዳል። በሚመጣው ብርድ የኒውዮርክ ወይዛዝርት ምን መልክ ጓንት እንደሚያደርጉ የዚያ ሰፈር ልጆች ከጋዜጣ ቀድመው፣ ድልድዩ ላይ ተደግፈው ያውቁ ነበር። ሽታው ይከብድ ነበር፤ አዎ። የዛሬ ልጆች «ታዲያ እንዴት ትተነፍሱ ነበር?» ይላሉ። በደንብ ነበር የሚተነፈሰው። ሽታው ካለ ሥራ አለ፣ ሥራ ካለ ቅዳሜ ማታ ሥጋ አለ።

ጀናሮ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። በ1948 ትምህርቱን ትተው በቴልፎርድ ጓንት ፋብሪካ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአባታቸው ጠረጴዛ ጫፍ ቆመው ሙያ ጀመሩ። የጠረጴዛ ቆራጭ መሆን ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሌጦው ይረጥባል፤ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወዲህና ወዲያ ይሳባል፤ የቱ ጋ እንደሚለጠጥ፣ የቱ ጋ እንደሚያኮርፍ በመዳፍ ይታወቃል። አብዝተህ ከሳብከው ጓንቱ ሳምንት ሳይሞላው እጅ ላይ ይላላል፤ አሳንሰህ ከሳብከው ጣት አያስገባም። አባታቸው ለረጅም ጊዜ ያስነኳቸው የአውራ ጣት ቁራጭ ብቻ ነበር። ከሐበሻ አገር ደጋ የሚመጣው የበግ ሌጦ ሲደርስ ግን ልጃቸውን ይጠሩና ዓይን አስጨፍነው ያስዳስሷቸው ነበር። «ይሄንን እጅህ ካወቀ ሌላው ሁሉ ዘመዱ ነው» ይሏቸው ነበር።

ቆራጮች ያን ጊዜ ወደ ሥራ የሚገቡት በነጭ ሸሚዝና በክራባት ነው፤ እንደ ባንክ ሰው። ታናሽ ወንድማቸው ኦረስተ የገባው ግን ታች፣ ሌጦ ከኖራ ወጥቶ ፀጉሩ በሚፋቅበት ቤት ነበር። የላይኞቹ ለታችኞቹ ያላቸውን ንቀት እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አላውቅም የሚል ካለ እሱ የላይኛው ነበር ማለት ነው። ጀናሮ ውትድርናቸውን ጨርሰው በተመለሱበት በ1954 የገና ግብዣ ላይ ኦረስተ ከወንድሙ ጎን ሊቀመጥ ወንበር ሲስብ፣ ይኸው ኤሚል ሆሴክ አፍንጫውን ይዞ፣ ጀናሮን ሥራ ቦታ በሚጠሩበት ስም፣ «ጀሪ፣ ፋቂ ወንድምህን መስኮቱ ጋ አድርገው እንጂ! ነፋሱ ወደ ውጭ ነው የሚነፍሰው» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። ጀናሮ አልሳቁም። ሳህናቸውን አንስተው፣ መስኮቱ ጋ ሄደው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ በብርዱ ከወንድማቸው ጋር በሉ። ይህም ይመዝገብ።

በ1956 ከወይዘሮ አይሪን ሆሴክ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። አይሪን አራተኛ ፎቅ ላይ ጓንት ሰፊ ነበሩ። ሚዜያቸው ኤሚል ነበር፤ ያን ጊዜ እሱና ጀናሮ አንድ ብርጭቆ ቢራ ለሁለት የሚጠጡ ባልንጀሮች ነበሩ። የሙሽራዋን ጓንት የቆረጡት ጀናሮ ራሳቸው ናቸው፤ ልኩንም ያገኙት ደረጃ ላይ አንድ ጊዜ ሲጨባበጡ ነው። ወይዘሮ አይሪን በሕይወት ሳሉ «ሰውዬው መጀመሪያ የወደደው የግራ እጄን ነው፤ እኔን በኋላ ነው ያየኝ» እያሉ ያስቁ ነበር። በ1958 ማርጆሪ፣ በ1961 ደግሞ ዴኒስ ተወለዱላቸው።

እዚህ ላይ ከሩቅ ለመጣችሁ እንግዶች አንድ ነገር ካልተነገራችሁ፣ በበሩ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረው ነገር አይገባችሁም። በዚህ ከተማ የጠረጴዛ ቆራጭ ሲያረጅ ሬሳውን ለሚሸከሙለት ስድስት ሰዎች፣ ስድስት ጥንድ ጥቁር ጓንት በገዛ እጁ ይቆርጣል። ልካቸውን በሜትር አይወስድም፤ በቁም ያለን ሰው ለሬሳ ሳጥን መለካት ሟርት ነው። እጃቸውን ይጨብጣል፣ ከወትሮው ትንሽ አስረዝሞ ይይዛል፣ በቃ። የተጨበጠውም ሰው ይገባዋል፤ ግን አንድም ቃል አይወጣውም። በክበቡ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሰላምታ ያስረዘመ እንደሆነ «ኧረ እጄን ልቀቅ አንተ ሰውዬ! ገና ሦስት ሚስት ትቀብራለህ!» ይባልና ይሳቃል፤ ሳቁ ግን ትንሽ ይደርቃል። በቀብሩ ቀን ጓንቶቹ በቤተ ክርስቲያን በር ይቀመጣሉ። የተቆረጠለት ሰው አድርጎ ይሸከማል። ጓንቱን እንደተቀመጠ ትቶት የገባ ካለ ግን በሱ ቦታ ሌላ ሰው አይተካም፤ ሳጥኑ በዚያ በኩል እንደጎደለ ይሄዳል፣ አምስቱ ያዘነብላሉ፣ ከተማውም ቆሞ ያያል። አባታቸው አቶ ፓስኳለ በ1963 ሲሸኙ ስድስቱም ጓንት እጅ ላይ ነበር። ጀናሮም የሚመኙት ክብር ይኸው ብቻ ነበር፤ ሌላ ሹመት ተመኝተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ፊቱን አዞረ። ማንም አዋጅ አላወጀም፤ ሴቶቹ ዝም ብለው እሑድ እሑድ ባዶ እጃቸውን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመሩ። የከተማችን ሴቶች ጭምር! ጀናሮ ቅዳሴ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚጸልዩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነበር፤ እሳቸው የሚያዩት እጅ ነበር። ቀጥሎ ርካሹ ጓንት በመርከብ ይገባ ጀመር። በዋናው መንገድ መጀመሪያ የባርኔጣ ሱቁ ተዘጋ፣ ከዚያ ሲኒማው ጨለመ፣ ከዚያ ጫማ ቤቱ መስኮቱን በጣውላ መታ። ቀን በሦስት ፈረቃ ይጮህ የነበረው የፋብሪካ ፉጨት ወደ አንድ ወረደ። ልጆች ሲያድጉ መንጃ ፈቃድ ያወጡና በዚያው መንጃ ፈቃድ ይሄዳሉ። ዴኒስም ሄደ፣ ማርጆሪም ሄደች፤ ማንም አይፈርድባቸውም።

አንድ የፀደይ ጠዋት ወንዙ ጠርቶ ተገኘ። ታችኛው ጠጠር ድረስ ይታያል። ከውጭ የመጣ የጋዜጣ ሰው ጎንበስ ብሎ ፎቶግራፍ አነሳና «ወንዙ ዳነ» ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ አሱንታ ያን ጊዜ ሰማንያ ሊደፍኑ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ በልጃቸው በጀናሮ ክንድ ተደግፈው ድልድዩ ላይ ወጡና ውኃውን ብዙ አይተው «ማን ሞተ?» አሉ።

በ1984 ትንሹ ሚስተር ቴልፎርድ ጀናሮን ቢሮው ጠራቸው። አባትየው እንኳ «ሚስተር ካፓሶ» ይላቸው ነበር፤ ልጅየው «ጀሪ» ነው ያለው። ፊሊፒንስ ውስጥ አዲስ ፋብሪካ እንደከፈተ፣ ርካሹ ሥራ እዚያ እንደሚሄድ፣ ጥሩው የጠረጴዛ ሥራ ግን ግላቨርስቪል እንደሚቀር ቃል ሰጣቸው። «የዚያን አገር ልጆች እጅ የሚያፍታታልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። «አንተ ካልሄድክልኝ ግን ጠቅላላውን ለሌላ አገር ሰው እሰጠዋለሁ፤ ሦስተኛ ፎቅም ይዘጋል።» ጀናሮ ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው ነገሩ። ወይዘሮ አይሪንም ድንች እየላጡ «ሂድ» አሉ። «ብትቀር የሚሄድ አይጠፋም። ያ የሚሄደው ደግሞ ስለ ሦስተኛ ፎቅ ግድ የሌለው ይሆናል።»

ሄዱ። አንድ ወቅት ያህል ቆይተው ተመለሱ። ጠረጴዛ ላይ የጠበቃቸው ቀልድ ነበር፤ «ጀሪ፣ ሙዝ አላመጣህልንም?» ይሏቸው ነበር። ስለዚያ አገር፣ ስላስተማሯቸው ሰዎች፣ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደበሉ ለማንም አላወሩም። ወንድማቸውም ደጋግሞ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ትንሹ ቴልፎርድ ቃሉን በላ፤ በዚያች ኖቬምበር፣ ከምስጋና በዓል በፊት ባለው ዓርብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ተዘጋ። ቆራጮቹ መቀሳቸውን በየጨርቁ ጠቅልለው ወደ ክበቡ ወረዱ። ኤሚል ሆሴክም ከላይ የተጻፈውን ተናገረ።

ጀናሮ ስለ ቃሉ፣ ስለ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለቤታቸው ስላሉት ሊናገሩ ይችሉ ነበር። ቆባቸውን ብቻ አደረጉ። ሆድ ይፍጀው ብለው ነው። ይህን የጻፈው ሰው ያን ዕለት ክበቡ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሆድ አይፈጀውም ነበር፤ ፋቂ ግን እዚያ አይገባም ነበርና አልነበረም፤ ቃሉን የሰማው ከነበሩት ነው።

ከዚያ ወዲህ በከተማው ለጀናሮ የሚሰጥ ሰላምታ በአገጭ ሆነ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ የኤሚልን እጅ ማጣት አልፈለጉም፣ ከዚያ ሁሉ ነገር የቀራቸው እርስ በርስ መጨባበጥ ብቻ ነበርና። ከሁሉ የባሰው ግን እሑድ ነው። ቄሱ «ሰላምን ተሰጣጡ» ሲሉ፣ ፊት ወንበር ላይ ያሉት ቆራጮች ወደ ግራ ይዞሩና ከግራው ጋር ይጨባበጣሉ፤ ጀናሮ በቀኝ ናቸው። በሌላው እሑድ ወደ ግራ ተቀመጡ፤ ሰዎቹ ወደ ቀኝ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ሄደው ከምሰሶው አጠገብ፣ ከወንድማቸው ጋር ይቀመጡ ጀመር።

እንጀራ ፍለጋ ከከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የሸቀጥ መጋዘን ውስጥ ጡረታ እስኪወጡ ካርቶን ጭነዋል። እዚያ ለሥራ የሚሰጧቸው ጓንት የጨርቅ ነበር፤ ግራና ቀኝ የሌለው፣ በየትኛውም እጅ ቢጠለቅ ያው የሆነ። በመጀመሪያው ቀን ገልብጠው አይተውት «ይሄን የሠራ ሰው እጅ አይቶ አያውቅም» ብለው፣ ሥራውን በባዶ እጃቸው ሠሩ። አለቃው ልጅ እግር ነበር፤ ጥፋት ብሎ ጽፎባቸዋል።

ውድ ባለቤታቸው ወይዘሮ አይሪን በ2009 አረፉ። በለቅሶው ዕለት ኤሚል መጣ፤ እህቱ ናት፣ ማን ይከለክለዋል። ማርጆሪን ሳመ፣ ዴኒስን አቀፈ፣ ጀናሮ ፊት ሲደርስ ሁለቱንም እጆቹን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ይህን አራት ሰው አይቷል፤ ስማቸውን ወንድማቸው ያውቃል። በቀጣዮቹ ዓመታት የፋብሪካው ሕንፃም ፈረሰ። ሦስተኛ ፎቅ በነበረበት ቦታ አሁን ያለው ሰማይ ነው። ጀናሮ በመኪና በዚያ በኩል ባለፉ ቁጥር፣ መስኮቶቹ የነበሩበትን ከፍታ ቀና ብለው ያዩ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በየት በኩል ብርሃን እንደሚገባ በጣታቸው ያሳዩ ነበር።

ሰማንያን ካለፉ በኋላ ምድር ቤታቸው ወርደው ስድስቱን መቁረጥ ጀመሩ። የፍየል ግልገል ጥቁር ሌጦ ከተዘጋው ፋብሪካ በጨርቅና በወረቀት ጠቅልለው አቆይተው ነበር። ግን እጃቸውን የሚጨብጥ ሰው የለም፤ ታዲያ ልኩን ከየት ያመጣሉ? ከትዝታ። ሠላሳ ዓመት ሲጨብጧቸው የኖሩ እጆች ናቸው፤ አንድ በአንድ አስታውሰው ቆረጡ፣ ራሳቸው ሰፉ። በዓለም ላይ ይህን ስሕተት ሊሳሳት የሚችለው የዚህ ከተማ ቆራጭ ብቻ ነው። ከስድስቱ አንዱን ጥንድ ያደረጉት ለወንድማቸው ለኦረስተ ነው፤ ወንድማማቾች ይሳሳማሉ እንጂ አይጨባበጡምና የሱም ልክ ከትዝታ ነው፤ ለፋቂ ጓንት ተቆርጦ አያውቅም፣ በወግም የለም፤ እሳቸው ግን ቆረጡለት።

«እስቲ አድርገው» አሉት።

አልገባም። አንጓው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የማን እጅ ነው ይሄ?» አላቸው ኦረስተ።

«ያንተ ነዋ።»

«የኔ እጅ እንዲህ የነበረ ጊዜ እኮ ፀጉርም ነበረኝ!»

ወንድማቸው ሊያስቃቸው ነበር ያለው። እሳቸው ግን በርጩማው ላይ ቁጭ አሉና የገዛ እጃቸውን አገላብጠው፣ የእንግዳ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው አዩት። የቆረጡት በ1987 የነበሩትን እጆች ነው። የሁሉም ሰው እጅ ከዚያ ወዲህ አብጧል፣ ጎብጧል፣ አንዳንዱም ጣት ጎድሎታል። እሳቸው ግን ሌላ እጅ አልተሰጣቸውምና በማን እጅ ይወቁ? ስድስቱንም ጥንድ በመቀሳቸው ቆራረጡ። ሰው ድምፅ ሳያሰማ በሙሉ ሰውነቱ ሲያለቅስ ወንድማቸው ያየው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን እጅ ለመፈለግ ወጡ። መቼም ጊዜ የማያላላው ነገር የለም፤ የኤሚልም ግዝት በሰዎቹ ዘንድ እንደ አሮጌ ገመድ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ የሰበረው ክላይድ ስኔል ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ ቤት በሰው መሐል «ጀሪ፣ ና እጅህን ወዲህ በል!» አለ። «ላይ ቤት ሄደን ‹አንጨባበጥም› ብንል ቅዱስ ጴጥሮስ ራሱ ይስቅብናል።» አንዱን ገበያ ውስጥ ሐብሐብ ሲመርጥ አገኙት፤ ሐብሐቡን አስቀምጦ ጨበጣቸው። አንዱን ሆስፒታል፣ ሁለቱም ተራ ሲጠብቁ። አንዱ ራሱ ቤታቸው ድረስ መጣ፣ «የሚተላለፍ ጉንፋን የለህም አይደል?» ብሎ ቀልዶ እጁን ሰጠ። አምስተኛው ኦረስተ ነበር። አምስት ጥንድ ተሠራ። ለስድስተኛው የሚሆን አንዲት ሌጦ ብቻ ቀረች። ቢሳሳቱ የሚደግሙበት የለም።

ከ2015 መግቢያ ጀምሮ የልብ ሕመም ሲያስቸግራቸው ቆይቶ፣ በሕክምና ሲረዱ ከርመው፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2016 ሐሙስ በተወለዱ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው በገዛ አልጋቸው ላይ ዐርፈዋል። ልጃቸው ማርጆሪ፣ ልጃቸው ዴኒስ፣ ሦስት የልጅ ልጆችና ታናሽ ወንድማቸው ኦረስተ ከኋላቸው ቀርተዋል። ማርጆሪ ይጻፍ ስላለች፣ የባለቤታቸው ወንድም ኤሚል ሆሴክም እዚህ ተጽፏል። ለቅሶ ደርሳችሁ ያጽናናችሁን ሁሉ እግዜር ብድራችሁን ይክፈል፤ ያልደረሳችሁትንም ታውቃላችሁ፣ እኛም እናውቃለን።

በበሩ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ጥንድ ተቀምጧል። የአምስቱ ባለቤት ታውቋል። ስድስተኛው ከዳር ያለው ነው። ይህን የጻፈው ሰው ማንንም አይለምንም፤ ሳጥኑ ቢያዘነብልም የራሱን ጎን ይዞ ይሄዳል። ግን ያ ጥንድ በትዝታ እንዳልተቆረጠ፣ እንዴት እንደተቆረጠም ከተማው ይስማ።

ያለፈው ሴፕቴምበር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ኤሚል ቤቱን ለቅቆ አረጋውያን ማደሪያ ሊገባ ነውና ዕቃውን ግቢው ሣር ላይ ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። መብራት፣ ሳህን፣ የዓሣ ማጥመጃ፣ የሟች ሚስቱ ካፖርት። ጀናሮ ወንድማቸውን «በመኪና ውሰደኝ» አሉት። ኦረስተ መኪናዋን ከአጥሩ ጥግ አቁሞ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ። መውረድ አልፈለገም። እሳቸው ብቻቸውን በከዘራ ገቡ።

ኤሚል ከወንበሩ ሳይነሳ «የምትገዛው አለ?» አለ።

«የለም።»

«እና ልትሸጥልኝ ነው የመጣኸው?»

ጀናሮ ከዘራቸውን ወደ ግራ አዛወሩና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ኤሚል እጁን አየው። ከዚያ ፊታቸውን አየ። ቆራጭ ነው፤ ያልገባው ነገር የለም።

«ታመሃል እንዴ?»

«አርጅቻለሁ።»

«አንተ አርጅተሃል! እኔ ሰማንያ አምስት ነኝ» አለ ኤሚል። ወደ ዕቃዎቹ ፊቱን መለሰ፣ አንዱን ሳህን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «የኔ ጣቶች መቀስ መያዝ ትተዋል። ለኔ ማን ይቆርጥልኛል? ንገረኛ! እኔን በመጋዘን ጓንት ነው የሚቀብሩኝ።»

ጀናሮ እንደዘረጉ ቆሙ። ክንዳቸው ዝቅ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ኦረስተ ከመኪናው ያየዋል፤ ከመኪናውም ወርዶ ያንን ክንድ ሊያወርድላቸው እጀታውን ይዞ ነበር። ያን ጊዜ ኤሚል ተነሳ። ወንበሩን ተደግፎ፣ በሁለት ሙከራ ተነሳና እጁን ሰጣቸው።

ረጅም ጊዜ ያዙት። የአውራ ጣቱን ሥር፣ ያበጡትን አንጓዎች፣ ወደ ውስጥ የታጠፈችውን ትንሿን ጣት፣ ሁሉንም። ሊለቁት ሲሉ ኤሚል አልለቀቀም። አንገቱን ወደ እሳቸው ዘንበል አደረገ። ድምፁ የክበቡ ድምፅ አልነበረም፤ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ሊጠይቀው ይገባ የነበረውን የሚጠይቅ ሽማግሌ ድምፅ ነበር።

«ጀሪ… እነዚያ ልጆች… እዚያ ያስተማርካቸው። እጃቸው እንዴት ነበር? ሌጦው ይሰማቸዋል?»

ጀናሮ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። መልሱ አፋቸው ላይ ነበር፤ ይታይ ነበር። ነገር ግን እጃቸው ውስጥ የያዙት ልክ፣ ወሬ ከጀመሩ የሚበተን ነገር ነው፤ ሌጦዋም አንድ ናት። እጃቸውን ቀስ ብለው ከኤሚል እጅ አወጡ። ዞሩ። በሣሩ ላይ፣ በመብራቶቹና በሳህኖቹ መሐል፣ ቀኝ እጃቸውን ከፊታቸው ከፍተው፣ ውኃ በመዳፉ እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቁ፣ ወደ አጥሩ በር ተራመዱ።

«ጀሪ!» አለ ኤሚል ከኋላቸው። «ጠየቅሁህ እኮ!»

የአጥሩን በር በከዘራቸው ገፍተው ወጡ። ፈጣሪም እጃቸውን እንደዘረጉ፣ እንደዚያው እንደተራመዱ ይቀበላቸው።